አስቀድሞ የሚሰናዳ ደረቅ ምግብ ለኀዘንተኛ፣ ለአራስና ለሕመምተኛ ቤት

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

በመንደር ውስጥ ሰው ሲሞት፣ ሴት ስትወልድ ወይም አባወራው ታሞ ሲተኛ ጎረቤት ምግብ ይዞ መድረሱ የቆየ ባህላችን ነው። ይህን ለማስተማር የምርምር ጣቢያ አያስፈልግም። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በሁለት ነገሮች ላይ ብቻ ነው። አንደኛው የሚመጣው ምግብ ምን ዓይነት ይሁን የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው መቼ ይድረስ የሚለው ነው።

በገጠር እንደምናየው በለቅሶው ቀንና እስከ ሠልስቱ ድረስ እንጀራው በመሶብ፣ ወጡ በድስት ይመጣል። ንፍሮው ይቀቀላል፣ ቡናው ይፈላል፣ ድንኳኑ በሰው ይሞላል። ቤተ ሰቡ ግን በእነዚያ ቀኖች እህል በአፉ አይዞርለትም። የተረፈው እንጀራ በአራተኛው ቀን ይሻግታል፣ ወጡም ይበላሻል። ለቀስተኛው ተበትኖ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሳምንት ሲመጣ ቤቱ ባዶ ሆኖ ይገኛል። እሳት የሚያነድ፣ ውኃ የሚቀዳና ወፍጮ የሚወርድ ጉልበት የጠፋው በዚህ ጊዜ ነው።

ጉዳዩ የእርሻ ጉዳይም የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ሞቱ ወይም ሕመሙ በሰኔና በሐምሌ ከደረሰ ጎተራው ቀድሞም ጎድሏል። በቤቱ ውስጥ የቀረው እህል ለዘር የተቀመጠው ነው። እናትየው ልጆቿ ሲርባቸው ከዘሩ ትቆነጥራለች፤ ዛሬ አንድ ቁና፣ ነገ አንድ ቁና እያለ ዘሩ ያልቃል። ዘሩ ባያልቅ እንኳ ምግብ ለማብሰል ቤት የምትውል ሴት ለአረም አትደርስም። ጤፍ አረሙ በወቅቱ ካልተነቀለለት ምርቱ እንደሚቀንስ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ በዚያ ሳምንት ለዚያ ቤት የሚደርስ 8 ኪሎ የተሰናዳ ምግብ የሚያድነው የሚቀጥለውን ዓመት አዝመራ ጭምር ነው።

ምግቡ ሊኖረው የሚገባ ጠባይ

በሠልስቱ የሚመጣው እንጀራና ንፍሮ እንደ ልማዱ ይቀጥል፤ እሱን የሚነካ ሐሳብ የለንም። እኛ የምንለው ከዚያ በኋላ ለሚመጡት ሳምንታት ሌላ ምግብ አስቀድሞ ተሰናድቶ ይቀመጥ ነው። ይህ ምግብ ደረቅ ሊሆን ይገባል። ደረቅ ምግብ ያለ ማቀዝቀዣ ይቆያል፤ ቤተ ሰቡ በፈለገው ቀንና በፈለገው መጠን ይበላዋል። ከዚህም ሌላ እንጨትና ውኃ የማይፈጅ፣ ቢቻል ያለ እሳት የሚበላ፣ አሥር ዓመት የሞላው ልጅ እንኳ ሊያዘጋጀው የሚችል መሆን አለበት።

የእንጨቱን ነገር አቅልላችሁ አትዩት። በደጋ አገር፣ ለምሳሌ በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ነው። በዚህ ምክንያት ጥሬ ባቄላ ወይም አተር እስኪበስል ከቆላው ይልቅ ብዙ ሰዓትና ብዙ እንጨት ይፈጃል። ያው አተር ተቆልቶና ተፈጭቶ ሽሮ ሲሆን ግን ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። ጥሬ ባቄላ ይዞ ወደ ኀዘንተኛ ቤት መሄድ ሥራ ይዞ መሄድ ነው።

እንዲህ ያለውን ምግብ እኛ አልፈጠርነውም። አያቶቻችን ስንቅ ይሉታል። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመተው ሠራዊት በአህያና በሰው ጀርባ የተሸከመው በሶና ድርቆሽ፣ ቋንጣና ቆሎ ነበር። ለዘማች የሚበጅ ምግብ፣ በቤቱ ተቀምጦ ማብሰል ላቃተው ሰውም ይበጃል።

እህሉን ስለመምረጥ

ከሁሉ አስቀድሞ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ለተቸገረ ቤት የሚዋጣ እህል አንዳንድ ጊዜ ከጎተራው ሥር የተጠረገው ይሆናል። ይህ በነውርነቱ ብቻ ሳይሆን በአደገኛነቱም መቅረት ያለበት ነው፤ የደከመ ሰው፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ከጤነኛው ሰው ይበልጥ ይጎዳሉና።

በመጀመሪያ ስለ ጓያ እንናገር። ጓያ ርካሽ ስለሆነ ከአተርና ከሽምብራ ጋር ተደባልቆ ሽሮ ይሆናል። ጓያ ለረጅም ጊዜ እንደ ዋና ምግብ ሲበላ እግርን ሽባ ያደርጋል፤ ሽባነቱም አይድንም። በ1969 ዓ.ም. ግድም በደንቢያና በፎገራ፣ ከዚያም በኋላ በደላንታ ብዙ ሰው በዚህ ተጎድቷል። መቁላት፣ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትና ከእህል ጋር ማደባለቅ መርዙን ይቀንሱታል እንጂ አያጠፉትም። ከደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል የወጣው ዋሴ የተባለው ዝርያም ቢሆን መርዙ የቀነሰ እንጂ ጨርሶ የሌለበት አይደለም። ኀዘንተኛ ቤት ያው አንድ ሽሮ በየቀኑ ለሳምንታት የሚበላበት ቤት ነው። ስለዚህ ለዚህ ተግባር በሚሰናዳ ሽሮ ውስጥ ጓያ ከቶ አይግባ። የሚያዋጣው ሰው ያለው ጓያ ብቻ ከሆነ በፋንታው እንጨት ወይም ጉልበት ያዋጣ።

ቀጥሎ ገብስና አጃ ናቸው። ገብሱ ሲናር የበዛበት ከሆነ ወይም ከእርጥብ ማሳ የመጣ ከሆነ በሰፌድ ላይ ዘርግታችሁ ተመልከቱት። ከፍሬው የሚረዝም፣ ጥቁር ወይም ሐምራዊ መልክ ያለው፣ የአይጥ ኩስ የሚመስል ነገር ካያችሁ ኤርጎት የተባለው ፈንገስ ነው። ይህ ነገር ከእህል ጋር ተፈጭቶ ሲበላ የእጅና የእግርን ደም ሥር ያጠብባል፤ ጣትና እግር እስኪበሰብስ ያደርሳል። በ1970 ዓ.ም. ግድም በወሎ፣ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ በአርሲ ሰው ጎድቷል። ከተፈጨ በኋላ ለይቶ ማውጣት አይቻልም። ጥቁሩ ነገር ጥቂት ከሆነ አንድ በአንድ ለቅማችሁ አቃጥሉት፤ ብዙ ከሆነ ያን ገብስ ለሰውም ለከብትም አታውሉት።

ሻጋታም እንዲሁ ነው። እርጥበት አግኝቶ የሻገተ እህል፣ ለውዝ ወይም በርበሬ አፍላቶክሲን የተባለ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ይይዛል። መቁላትና ማፍላት ይህን መርዝ አያጠፋውም። አንዳንድ እናቶች «ተቆልቶ ሽታው ከለቀቀ ምን አለው?» ይላሉ። ሽታው ይለቃል፣ መርዙ ግን ይቀራል። በተለይ በርበሬ ስትገዙ ውኃ ተረጭቶበት ክብደቱ እንዲጨምር የተደረገውን አትቀበሉ። ዛላውን ከፍታችሁ ውስጡን እዩ፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ሻጋታ ካለበት መልሱት።

በመጨረሻም በመድኃኒት የታሸ የዘር እህል አለ። ቀይ ወይም ሌላ ቀለም የተቀባ ዘር ታጥቦም ቢሆን አይበላም። ለነቀዝ ክኒን የተደረገበት እህልም በመመሪያው የተወሰነው የመቆያና የማናፈሻ ጊዜ ሳይፈጸም ለምግብ መዋል የለበትም። የልማት ሠራተኛው እህሉን ሲረከብ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ «መድኃኒት ነክቶታል ወይ?» የሚል ይሁን። የአምጪውን ቃል ከስሙ ጎን ይጻፈው።

በሶና ጭኮ

ለዚህ ተግባር ከበሶ የሚበልጥ ምግብ አናውቅም። እሳት አይፈልግም፤ የሚፈልገው ውኃና ጨው ብቻ ነው።

ለበሶ ፍሬው ሞላ ያለ ገብስ ምረጡ። ሰነፍ ቆሎ የሚባለው ልባሱ በቀላሉ የሚለቀው ገብስ ከተገኘ የመፈተጉ ድካም ይቀንሳል። ገብሱ ይበጠራል፣ ይለቀማል፤ ውኃ እርከፍከፍ ተደርጎበት በሙቀጫ ይፈተጋል፤ ገለባው ተነፍሶ ይወጣና ፍሬው በፀሐይ ይደርቃል። ከዚያ በምጣድ ላይ በመጠነኛ እሳት እየተማሰለ ይቆላል። ፍሬው በጥርስ ሲሰበር ውስጡ ድረስ ደርቆ ቀጭ ሲልና ወርቃማ መልክ ሲይዝ ይወጣል። የጠቆረ በሶ ይመራል፤ ያልደረሰ ደግሞ ሆድ ይነፋል። ሲወጣ በሰፌድ ላይ ተሰጥቶ ፈጽሞ ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ ይፈጭ፣ በጠባብ ወንፊት ይነፋ። ከወፍጮ ቤት ትኩሱን ዱቄት በከረጢት አፍኖ ማስቀመጥ የተለመደ ጥፋት ነው። የታፈነው ትኩሳት ወደ እርጥበት ተለውጦ ዱቄቱን በሁለት ሳምንት ውስጥ ያሻግተዋል።

በሶ ሳይበስል ስለሚበላ ሁለት ነገር እናስጠነቅቃለን። የሚታሽበት ውኃ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፤ የሚያሸውም እጅ በሳሙና ይታጠብ። ቤተ ሰቡ ውኃ ለማፍላት አቅም ካነሰው ምግቡን ይዞ የሚሄደው ሰው አንድ ጄሪካን የፈላ ውኃ አብሮ ቢያደርስ እጅግ መልካም ነው። በጥሬ የወንዝ ውኃ የታሸ በሶ ለአራስና ለሕፃን በሽታ ነው።

ጭኮ ከበሶው ዱቄት በንጥር ቅቤ የሚሠራ ነው። ለ1 ኪሎ የበሶ ዱቄት ከ300 እስከ 400 ግራም ንጥር ቅቤ ይበቃል። ቅቤው በኮረሪማ፣ በአብሽና በኮሰረት ይነጠር፤ አረፋው ፈጽሞ እስኪጠፋና ከሥር የሚዘቅጠው ቡናማ እስኪሆን ድረስ በዝግታ እሳት ላይ ይቆይ፤ ከዚያም ይጠለል። ቅቤን የሚያበላሸው በውስጡ የቀረው ውኃና አይብ ነው፤ በደንብ የተነጠረ ቅቤ ግን በተከደነ ዕቃ ለወራት ይቆያል። ለብ ያለውን ቅቤ ከበሶውና ከጨው ጋር አሽቶ መጠቅጠቅ ነው። ውኃ ጠብታ እንኳ አይግባበት። የጭኮ ባለሙያ የሆኑት የአርሲና የሰላሌ እናቶች ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል፤ በአካባቢያችሁ ካሉ እነሱ ያስተምሩ።

ጭኮ በጥቂቱ የሚያጠግብ ስለሆነ ምግብ ለዘጋበት ሰው ይስማማል። ለወለደች እናትም ብርታት ይሰጣል። በጾም ወራት ለሚጾም ቤት ግን ጭኮ ይዞ መሄድ ማሳቀቅ ነው። ለዚያ ጊዜ ያው በሶ በበርበሬና በጥቂት የኑግ ዘይት ታሽቶ ጭብጦ ይደረግ፤ ጭብጦ ግን አይቆይምና በተበላበት ቀን ይታሽ።

ምጥን ሽሮ

ለ5 ኪሎ ሽሮ 3 ኪሎ አተርና 2 ኪሎ ሽምብራ ይወሰዳል። ባቄላም ከተገኘ በሽምብራው ፋንታ ይገባል። እህሉ ተለቅሞ ይታጠብ፤ በምጣድ ላይ ይታመስ፤ ተከክቶ ልባሱ ይውጣ። ለምጥኑ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ኮረሪማ፣ ነጭና ጥቁር አዝሙድ፣ ጨውም ይጨመራል። መጠኑን በየቤቱ ለለመደው ምላስ እንተወዋለን፤ ሆኖም በርበሬውን ከተለመደው ቀነስ አድርጉ። ሕመምተኛና ሕፃን ባለበት ቤት የሚያቃጥል ሽሮ ለግማሹ ሰው ምግብ አይደለም። የሚወድ ሰው በራሱ ሳህን ላይ ሊጨምር ይችላል።

እርጥብ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የተጨመረበት ክክ ሁለት ሦስት ቀን በፀሐይ ሳይደርቅ ወደ ወፍጮ አይሂድ። ሽሮ የሚነቅዘውና የሚጠዘጥዘው በብዛት ከዚህ የተነሣ ነው። ምጥን ሽሮ ሽንኩርትም ቅመምም ስለማይፈልግ የሚያበስለው ልጅ ማድረግ ያለበት ቀላል ነው። 1 ኩባያ ሽሮ ለ4 ኩባያ ውኃ፣ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጦ፣ ከዚያ እሳት ላይ አድርጎ እያማሰለ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ማንተክተክ ነው።

የገንፎና የአጥሚት ዱቄት

ገብስ፣ ስንዴና አጃ ብቻቸውን የሰውነት ገንቢ ንጥረ ነገራቸው ጎዶሎ ነው፤ ጥራጥሬም እንዲሁ በሌላ በኩል ይጎድለዋል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ይሞላል። በአገራችን ፋፋ የተባለው የሕፃናት ምግብ የተመሠረተው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። በመንደር ደረጃም 3 እጅ ገብስ ወይም አጃ ከ1 እጅ ሽምብራ ወይም አተር ጋር፣ እያንዳንዱ ለየብቻው ተቆልቶና ተከክቶ አብሮ ቢፈጭ ጥሩ ዱቄት ይወጣል። ለየብቻው ይቆላ የምንለው ሽምብራው እስኪደርስ ገብሱ ስለሚያር ነው።

ይህ ዱቄት ለአራሷ ገንፎ ወይም አጥሚት፣ ስድስት ወር ለሞላው ልጅ ወፈር ያለ አጥሚት ይሆናል። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ከእናቱ ጡት በቀር ምንም፣ ውኃም ቢሆን አያስፈልገውም። «ልጁም ይቅመስ» የሚሉ አሮጊቶች ቢኖሩ በአክብሮት ይነገራቸው። ማርም አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም። የእናቱ ሞት የደረሰበት የሚጠባ ሕፃን ሲገኝ ግን ይህ ዱቄት መፍትሔ አይሆንም፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት።

ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ

ዳቦ ቆሎ ለአስታማሚ የሚበጅ ነው። ሕመምተኛ ይዞ ከተማ ለወረደ ሰው ምግብ ገዝቶ መብላት ብዙ ወጪ ነው፤ በኪሱ የሚይዘው ዳቦ ቆሎ ግን ይደግፈዋል። 1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት በጨው፣ በጥቂት በርበሬና በአንድ ስኒ ዘይት ጠንክሮ ይታሻል፤ ያለ እርሾ። ከትንሽ ጣት የቀጠነ ሆኖ ተድቦልቡሎ ይቆረጥና በምጣድ ላይ እስከ ውስጡ እስኪደርቅ ይቆላል። ስኳርና ማር የተጨመረበት ቶሎ ያራል፤ የስኳር ሕመም ላለበትም አይሆንም።

ድርቆሽ የተረፈ እንጀራ ማዳኛ ነው። በለቅሶው የተረፈ እንጀራ በዚያው ቀን ተቆራርሶ በንጹሕ ሸማ ላይ በፀሐይ ከደረቀ ለወራት ይቆያል። በሦስተኛው ቀን የሻጋታ ነጥብ ካየንበት በኋላ ማድረቅ ግን መርዙን ማድረቅ ነው። ቋንጣም ያላቸው ቢጨምሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን በሬ ያረደ ሰው በሌለበት ወር ለቋንጣ ተብሎ ገንዘብ ማዋጣትን አንመክርም።

ዕቃና አቀማመጥ

የማዳበሪያና የጸረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ከረጢትም ሆነ ጄሪካን ታጥቦም ቢሆን ለምግብ አይሁን። ይህን ደጋግመን የምንጽፈው ልማዱ ስላልቀረ ነው። ለዱቄት ንጹሕ የአቡጀዲ ከረጢት በውጭ በኩል ወፍራም ላስቲክ ተደርጎለት ይበቃል። ለንጥር ቅቤ ክዳን ያለው ዕቃ ይሁን። ሳይፈጭ የሚቀመጠው እህል አየር በማያስገባው ሦስት ድርብ ከረጢት ቢቀመጥ ነቀዝ ያለ መድኃኒት ይሞታል።

በእያንዳንዱ ከረጢት አንገት ላይ በቁራጭ ካርቶን የምግቡ ስም፣ ክብደቱና የተፈጨበት ቀን ተጽፎ ይታሰር። የበሶ ዱቄት፣ ሽሮና የገንፎ ዱቄት በደረቅና በቀዝቃዛ ቦታ፣ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ከተቀመጡ ሁለት ወር እስከ ሦስት ወር ድረስ አስተማማኝ ናቸው። ክረምት ከገባ ይህንኑ ወደ ሁለት ወር አሳጥሩ። ሲከፈት የሚከረፋ፣ የሚመር ወይም የተጋገረ ዱቄት ለማንም አይሰጥ።

ስንት ይበቃል?

አንድ አዋቂ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ ግድም ደረቅ እህል ያስፈልገዋል። ለአምስት ነፍስ ሙሉ ሳምንት ለመመገብ ወደ 20 ኪሎ ቢጠጋ ነው፤ ሕፃናት ሲኖሩ ያንሳል። ይህን ሁሉ ማቅረብ ለአብዛኛው እድር ይከብዳል፤ አስፈላጊም አይደለም። እኛ የምናቀርበው ጥቅል በቀን አንድ ጠንካራ ምግብና በመካከል የሚቀመስ ነገር እንዲኖር ነው። ይኸውም የበሶ ዱቄት 3 ኪሎ፣ የገንፎ ዱቄት 2 ኪሎ፣ ምጥን ሽሮ 1 ኪሎ ተኩል፣ ዳቦ ቆሎ ወይም ቆሎ 1 ኪሎ፣ ንጥር ቅቤ ግማሽ ኪሎ፣ በጾም ጊዜ ደግሞ በቅቤው ፋንታ ግማሽ ሊትር ዘይት ነው። በጠቅላላው 8 ኪሎ ይሆናል። አንድ ሴት ልጅ ወይም አንድ ጎረምሳ ተሸክሞ ሊያደርሰው የሚችል ሸክም ነው።

አሁን ወደ መዋጮው እንምጣ። 40 አባወራ ያለበት እድር በጥር ወር፣ አውድማው ገብቶ እህል በረከት ባለበት ሰዓት፣ እያንዳንዱ ቤት 2 ኪሎ ገብስ ወይም ስንዴና 1 ኪሎ አተር ወይም ሽምብራ ቢያዋጣ 120 ኪሎ ይሰበሰባል። በመልቀም፣ በመፈተግና በመንፋት ሩብ ያህሉ ይጠፋል ብለን ብናስብ እንኳ ለ10 ጥቅል የሚበቃ ይቀራል፤ ከጥራጥሬው የሚተርፈውም ለንፍሮ ይሆናል። በዓመት ስንት ቤት እንደሚያስፈልገው እድሩ ከራሱ መዝገብ ቆጥሮ ሊያውቅ ይችላል። የመፈተጉና የመንፋቱ ጉድለት እንደ ገብሱ ዓይነት ስለሚለያይ ጸሐፊው በመጀመሪያው ዙር ሲገባና ሲወጣ መዝኖ ይመዝግብ፤ በሁለተኛው ዓመት በግምት አትሠሩም።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አታስፈጩ። እህል በጥሬው ይቆያል፤ ዱቄት ይበላሻል። በማንኛውም ጊዜ ሁለት ጥቅል ብቻ ተሰናድቶ ይቀመጥ። አንዱ ሲወጣ ተተኪው በሚቀጥለው ሳምንት ይሰናዳ። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ወፍጮ ያለው ከሆነ ለዚህ እህል የማስፈጫ ዋጋ ባይቀበል ለማኅበሩ የሚከብድ አይመስለንም።

ሥራውን ስለማከፋፈል አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በብዙ ቦታ መፈተጉም፣ መቁላቱም፣ መንፋቱም በጥቂት ሴቶች ላይ፣ ይልቁንም እምቢ ማለት በማይችሉት ላይ ይወድቃል። በመዝገቡ ተራ ይውጣ፤ ለአንድ ዙር አራት ሴት ይበቃል። እንጨት መፍለጥና ማምጣት፣ እህሉን ወፍጮ ማድረስና መመለስ የወንዶች ተራ ይሁን። ወንዶቹ «ይህ የጓዳ ሥራ ነው» ካሉ ሊቀመንበሩ መጀመሪያ የራሱን አህያ ይጫን።

አሰጣጥ

ምግቡ የሚደርሰው ሠልስቱ አልፎ ሰው ሲበተን፣ ማለትም ከሰባተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ለአራስ ቤት ደግሞ የጠያቂው ገንፎ እየሳሳ በሚሄድበት በሦስተኛው ሳምንት ነው። ለሕመምተኛ ቤት የተወሰነ ቀን የለም፤ የቅርብ ጎረቤት ያውቀዋል።

በስብሰባ ላይ ስም እየጠራችሁ አትስጡ። የእድሩ አባል የሆነ ሁሉ ተራው ሲደርስ እንደሚያገኘው በደንቡ ይጻፍ፤ ያን ጊዜ የሚቀበለው ሰው ለራሱ ካዋጣው ላይ እንደተሰጠው ይቆጥረዋል እንጂ እንደ ምጽዋት አያየውም። አባል ያልሆነ ድኃ ቤትም ከመካከላችሁ አይታጣም፤ ከ10ሩ ጥቅል ሁለቱን ለእንዲህ ያለው ብትለዩ ጠብ አይነሣም። አድራሿ ወደ ማታ፣ መንገዱ ጸጥ ሲል ትሂድ። ለአዘነች እናት «እትዬ፣ እግዜር ያጥናዎት፤ ይኼን ለልጆቹ ብለው ሰዎቻችን ልከዋል» ብትል ይበቃል። ለአራሷም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትበል፤ በእስላም ቤት «እንኳን በሰላም ገላገለሽ» ማለት ይሻላል። ለእስላም ቤት ቋንጣ ከጥቅሉ ውስጥ ይውጣ፤ ሌላው ሁሉ የሚስማማ ነው። በረመዳን ከሆነ ለማፍጠሪያ እንዲደርስ ከመግሪብ በፊት ይግባ። በማንም ቤት ቡና ይፈላ ተብሎ ቢለመን አድራሿ አትቀመጥ፤ ለእንግዳ የሚማገደው እንጨት ከዚያ ቤት የሚጎድል ነውና። ከረጢቱንም መልሱልን አይባል።

የልማት ሠራተኛው ድርሻ በዚህ ቤት በር ላይ አያበቃም። ምግቡ በደረሰ በሳምንቱ ሄዶ ሁለት ነገር ይጠይቅ። ዘሩ አለ ወይ? ማሳው ታርሷል፣ ታርሟል ወይ? ዘሩ ተነክቶ ከሆነ ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ በብድር የሚገኝበትን መንገድ የመዝሪያው ጊዜ ሳያልፍ ይፈልግ። ማሳው ካልታረመ ደቦ ይጠራ፤ ደቦው ሲጠራ የደቦኛው ምሳ ከዚያች ቤት እንዳይጠየቅ አስቀድሞ ይነገር።

እስከ ነሐሴ መጨረሻ ሳይወጣ የቀረ የተፈጨ ጥቅል ካለ ለሚቀጥለው ዓመት አይቀመጥ። ለተራዋ አሰናጆች ተከፋፍሎ ይበላ፤ ያልተፈጨው እህል ግን ተመርምሮ፣ ፀሐይ ተመትቶ፣ ወደ ከረጢቱ ይመለስ፤ መጠኑም ከጥሩ መዋጮ ላይ ይቀነስ።